ቃጭል የያዙ እጆች

ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ቃጭልን ያውቃታል። ካህናቱ ድርገት ሲወርዱ ታቃጭላለች፤ ምእመኑም ድምፅዋን ሰምቶ ጎንበስ ይላል። ሥራዋ ማሳወቅ ነው እንጂ ማዜም አይደለም። ይህችው የእጅ ደወል ግን በሌላ አገር፣ በሌላ ምክንያት ዜማ የወጣላት ሆናለች። የአሜሪካ የእጅ ደወል ደዋዮች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. 70 ዓመት ሞላው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ ብርድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ አጥቢያዎች በማማ ላይ ትልልቅ ደወሎች ሰቅለው፣ ለእያንዳንዱ ደወል አንድ ሰው ገመድ አስይዘው፣ ተራውን በስሌት እያቀያየሩ ይደውሉ ነበር። ስለዚህ ጥበብ የተጻፈው የመጀመሪያው መጽሐፍ «ቲንቲናሎጂያ» በ1668 ታተመ። ቅደም ተከተሉን በቃል ለመያዝ የብዙ ሰዓት ልምምድ ያስፈልጋል። ማማው ይበርዳል፤ መንደርተኛውም ሌሊቱን ሙሉ ደወል ሲጮህበት ማደር አይፈልግም። ስለዚህ ደዋዮቹ ትንንሽ የእጅ ደወሎች ይዘው ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ መለማመድ ያዙ። በዊልትሻየር፣ አልድቦርን በምትባል መንደር ደወል ያቀልጡ የነበሩት ወንድማማቾች ሮበርትና ዊልያም ኮር ድምፃቸው የተቃኘ የእጅ ደወሎችን ቀድመው በመሥራት ስማቸው ይነሳል። ደወሉ ከተቃኘ ደግሞ ዜማ መሞከሩ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤን የሚነካው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራፍ ነው። በላንካሻየርና በዮርክሻየር የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች፣ ቀኑን ሙሉ የፋብሪካ ጩኸት ሲያደነቁራቸው የዋሉ ሠራተኞች ማታ ማታ ተሰብስበው ደወል ይይዙ ነበር። ከ1855 ጀምሮ በማንቸስተር ቤል ቪው የሚባል መዝናኛ ውስጥ ይወዳደሩ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ወጣቶቹን ሲወስድ ብዙ ቡድኖች ተበተኑ፤ ውድድሩም በ1920ዎቹ ቀረ። ደወሎቹ እንዳሉ ነበሩ፤ የጎደለው የሚይዛቸው ሰው ነው።

የእጅ ደወሎች ወደ አሜሪካ መጀመሪያ የተሻገሩት በትርኢት ነጋዴው ፒ. ቲ. ባርነም እጅ ነው። በ1840ዎቹ የላንካሻየር ደዋዮችን ቀጥሮ፣ የስዊስ ልብስ አልብሶ፣ «የስዊስ ደወል ደዋዮች» እያለ አዞራቸው። ሕዝቡ ተደነቀ፤ ሥር ግን አልያዘም። ሥር ያስያዘችው የቦስተኗ ማርጋሬት ሸርክሊፍ ናት። በ1902 ለንደን ሄዳ ለሰዓታት የሚዘልቀውን የማማ ደወል አደዋወል ስትወጣ፣ ከኋይትቻፕል የደወል ማቅለጫ የእጅ ደወሎች ተሸለመች። ደወሎቹን ይዛ ቦስተን ገባች፤ ቤተሰቧንና ጎረቤቶቿን አስተማረች፤ በቢከን ሂል መንገዶች ላይ በገና ዋዜማ መደወል ልማድ ሆነ። በ1937 የኒው ኢንግላንድ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1954 ደግሞ በማሳቹሴትስ፣ ኢፕስዊች አገር አቀፉ ማኅበር ተቋቁሞ እሷው የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች።

የእጅ ደወል ቡድን ሲለማመድ ቀርቦ ማየት ነው። ስፖንጅ ተነጥፎበት ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ደወሎቹ ከትልቁ እስከ ትንሹ በተራ ተደርድረዋል፤ ባለ አምስት ኦክታቩ ስብስብ 61 ደወል ነው። ከአሥር እጅ ስምንት ያህሉ መዳብ፣ ቀሪው ቆርቆሮ ስለሆነ የእጅ ላብ ያወይበዋል፤ ደዋዮቹ ጓንት የሚያጠልቁት ለዚህ ነው። የኛ ቃጭል ምላስ ወዳሻው ይወዛወዛል፤ የነሱ ግን ወደፊትና ወደኋላ ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ አንድ ምት ብቻ ያወጣል። ደዋዩ ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ በክብ ያነሳዋል፤ ድምፁ ሲበቃ ደወሉን ትከሻው ላይ አስጠግቶ ዝም ያሰኘዋል። ከፊቱ ያለው ኖታ የሁሉም ነው፤ እሱ ግን የራሱን ሁለት ድምፆች በቀለም አስምሮባቸዋል። የቀረውን ይቆጥራል።

አንድን ዜማ እንዲህ ለብዙ ሰው ማካፈል ለኛም እንግዳ አይደለም። እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው ሲቆሙ፣ የእያንዳንዱ እምቢልታ ቁመት ይለያያል፤ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ብቻውን ዜማውን አይጨርሰውም። በደራሼ የፊላ ጨዋታም ወንዶቹ ቁመቱ የተለያየ ቀርከሃ ይዘው፣ እየዞሩ፣ እያንዳንዱ በተራው የራሱን ድምፅ ያስገባል። በክራር ወይም በመሰንቆ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ዜማ ይጫወታል። በእምቢልታ፣ በፊላና በእጅ ደወል ግን አንዱ ከቀረ ዜማው መሀል ላይ ይቀደዳል።

ለዚህ ነው የእንዲህ ያለ ቡድን ክብረ በዓል ከሌላው የሚለይብኝ። ብዙዎቹ ደዋዮች ደሞዝ የላቸውም፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ጡረተኛ ናቸው። ለሸርክሊፍ ሽልማቱን የሰጠው፣ ከ1570 ጀምሮ የሠራው የኋይትቻፕል ማቅለጫ እንኳ በ2017 ተዘግቷል። የልምምዱ ማታ ግን እስከ ዛሬ በየከተማው አለ። እኛም እምቢልታና ፊላ የሚነፉ አባቶች ሳሉ ከጎናቸው የሚቆም ወጣት እናዘጋጅ፤ ቀረጻ ብቻውን አይበቃም።

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የምትኖሩ አንባቢዎች ሆይ፣ በፈረንጆች ገና ሰሞን በሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን የእጅ ደወል ቡድን እንደሚጫወት ከሰማችሁ ገብታችሁ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ ደዋይ ምረጡና እጆቹን ብቻ ተከተሉ፤ ተራው እስኪደርስ እንዴት እንደሚጠብቅ ታያላችሁ።