የጠላቂው ገመድ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል ዘወትር የሚጠቀሰው ስለ ሰዎች ኅብረት ነው። በባሕር ጠላቂዎች ሙያ ታሪክ ግን ብሂሉ በቀጥታም ይሠራል። ወደ ውኃ ውስጥ የወረደውን ሰው ከላይ ካለው ዓለም ጋር ሲያገናኝ የኖረው ገመድ ነው፤ ገመዱም የሚያድነው በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሰዎች ሲግባቡ ብቻ ነው። ይህ ዕውቀት በቀላሉ የተገኘ ሳይሆን ሕይወት የተከፈለበት ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ፣ ጀርመን አገር ተወልዶ በለንደን የኖረው ኦገስተስ ሲብ የብረት ቆብ ያለውን የመጥለቂያ ልብስ ሠራ። በ1782 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፖርትስመዝ አጠገብ የሰጠመችውን «ሮያል ጆርጅ» የተባለች የጦር መርከብ ስብርባሪ ለማንሣት ከ1839 እስከ 1843 በተካሄደው ሥራ ይህ ልብስ ብቃቱን አስመሰከረ። ጠላቂው አየር የሚያገኘው ከላይ በቱቦ ነበር፤ የሚነጋገረውም በገመድ ነበር። ስለዚህ ገመድ ያዡ ከጠላቂው ያላነሰ ባለሙያ ሆነ፤ የባልደረባው ሕይወት በእጁ ነበርና።

በ1943 ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ሠሩ። በዚህም ጠላቂው ከቱቦ ነፃ ወጣ። ይሁን እንጂ ነፃነቱ አዲስ ጥያቄ አስከተለ፤ ከላይ የሚጠብቀው ሰው ያለበትን ሁኔታ በምን ያውቃል?

በ1946 ኩስቶና ባልደረባው ፍሬደሪክ ዱማ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአቪኞን አቅራቢያ የሚገኘውን የቮክሉዝ ምንጭ ለመመርመር ወረዱ። የምንጩ ውኃ ከዓለት ዋሻ ስለሚወጣ ጠላቂው በቀጥታ ወደ ላይ ሊንሳፈፍ አይችልም፤ የመመለሻው መንገድ ገመዱ ነው። ገመዱን ከላይ የያዘው የባሕር ኃይል ባልደረባቸው ሞሪስ ፋርግ ነበር። ምልክቶቹ አስቀድመው ተወስነዋል፤ አንድ ጊዜ መሳብ «ገመዱን ወጥር»፣ ሦስት ጊዜ «ገመድ ጨምር»፣ ስድስት ጊዜ ደግሞ «ቶሎ አውጣን» ማለት ነበር።

ሁለቱ ጠላቂዎች ወደ ጥልቁ እንደ ደረሱ አእምሯቸው ደነዘዘ፤ ዱማም ራሱን ሊስት ተቃረበ። ኩስቶ ገመዱን እየሳበ ለመውጣት ቢታገልም፣ ገመዱ ከዓለቱ ጋር ስለሚፋተግ ምልክቱ ተዛብቶ ደረሰ። ፋርግም ተጨማሪ ገመድ የተጠየቀ መስሎት ለቀቀ። ኩስቶ በሳበ ቁጥር ገመዱ ወደ እርሱ ወረደ እንጂ እርሱን አላወጣውም። በመጨረሻ ፋርግ ነገሩን ተጠራጥሮ ወደ ላይ ይጎትት ጀመር፤ ሁለቱም በሕይወት ወጡ። በኋላ በጋኖቹ የቀረው አየር ሲመረመር ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኘበት። አየሩን የሚያምቀው ሞተር የራሱን ጭስ መልሶ ይስብ ኖሯል።

በተከታዩ ዓመት ፋርግ ራሱ በገመዱ ታችኛው ጫፍ ሆነ። ቡድኑ፣ ሰው ተራ አየር እየተነፈሰ እስከ ምን ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ይፈትን ነበር። በመውረጃው ገመድ ላይ ጠላቂው የደረሰበትን ጥልቀት የሚፈርምባቸው ሰሌዳዎች ታስረዋል። ፋርግ በሌላ ገመድ ታስሮ ወረደ፤ ደኅና መሆኑንም ገመዱን እየሳበ ያስታውቅ ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ምልክቱ ተቋረጠ። ባልደረቦቹ ወዲያውኑ ጎተቱት፤ ሲደርሱበት ግን መተንፈሻው ከአፉ ወጥቶ በደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለብዙ ሰዓታት ቢደክሙም ነፍሱን ሊመልሱ አልቻሉም። ፊርማው በ120 ሜትሩ ሰሌዳ ላይ ተገኘ።

በቮክሉዝ ምልክቱ ተልኮ ሳይነበብ ቀርቶ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ያዦቹ ነቅተው ሳሉ ምልክቱ ራሱ አልተላከም፤ በከፍተኛ ግፊት የሚተነፈስ ናይትሮጅን አእምሮን እንደ መጠጥ ያሰክራልና። ገመድ የሚናገረው በጫፉ ያለው ሰው እስካሰበ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጥለቅ የስፖርት ዘርፍ ሆኖ ሲስፋፋ፣ አብዛኛው ጠላቂ ገመድ ሳይታሰር ይወርድ ጀመር። ማዕበልና የውኃ ሞገድ ባለበት ባሕር ግን ጀልባ ነጂው ሰዎቹ የት እንደሚወጡ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ገመዱ በቀጭን ክር መልክ ተመለሰ፤ ጠላቂው በትንሽ ማጠንጠኛ የተጠቀለለ ክርና አየር የሚሞላ ደማቅ ተንሳፋፊ ምልክት ይይዛል። ከመውጣቱ በፊት በላዩ ጀልባ አለመኖሩን ያጣራል፤ ወደ ምልክቱ ጥቂት አየር ነፍቶም ይለቀዋል። በ20 ሜትር ጥልቀት የተነፋ አየር ወደ ውኃው ገጽ ሲደርስ ሦስት እጥፍ ይሰፋልና ብዙ መንፋት አያስፈልግም። ማጠንጠኛው በጣቶቹ መካከል እየተሽከረከረ ክሩን ይለቃል። ማጠንጠኛውን ከሰውነት ጋር ማሰር ግን አደገኛ ነው። ክሩ ከተቋጠረ ተንሳፋፊው ሰውየውን ይዞ ይነጉዳል፤ በፍጥነት መውጣትም ሳንባን ይጎዳል፣ በደም ውስጥም የጋዝ አረፋ ይፈጥራል። ስለዚህ ክሩ ሲያዝ መልቀቅ ይገባል፤ ዕቃ ይተካል፣ ሰው አይተካም።

ጠላቂው ክሩን እየጠቀለለ በዝግታ ይወጣል፤ በ5 ሜትር ላይም ለ3 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይጠብቃል። ክሩ ከተወጠረ ምልክቱ በውኃው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከላላ ይጋደማል። ጀልባ ነጂውም ቀጥ ያለውን ምልክት አይቶ ከበታቹ ሰው እንዳለ ይረዳል። ቱቦውና የብረት ቆቡ ተለውጠዋል፤ ከመውረድ በፊት በምልክቱ ትርጉም መስማማት ግን ፋርግ ገመዱን ይዞ በምንጩ አፍ ከቆመበት ቀን ጀምሮ አልተለወጠም።