ቁራጭ አይጣልም

ላሜራ ሥራ ያሳደገው ሰው ሁለት ነገር በልጅነቱ ይማራል፤ ጣቱን መጠበቅና ቁራጭ አለመጣል። እኔ ሁለቱንም የተማርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። በርሜል ተተርትሮ ምድጃ ይሆናል፤ ከምድጃው የተረፈው ደግሞ ማጠፊያ ወይም እጀታ ይወጣዋል። አለቃዬ ጋሼ ማታ ማታ የቀኑን ቁርጥራጭ በየውፍረቱ ለይተው ከግድግዳው ሥር ይደረድሩ ነበር። ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዛሬ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው፤ እንጀራዬም ያው ላሜራ ነው። በ2017 የካቲት ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከብላክ ሳባዝ ባንድ የስንብት ኮንሰርት የገዛውን ሲዲ አመጣልኝ። ርዕሱ «ዚ ኤንድ» ይላል፤ መጨረሻው ማለት ነው። ስምንት ዘፈን አለው፤ አራቱ መድረክ ላይ የተቀዱ፣ አራቱ ከቀደመው አልበም ቀረጻ የተረፉ። የተረፉ መሆናቸውን ስሰማ የጋሼ ግድግዳ ትዝ አለኝ፤ የባንዱንም ታሪክ ከሥሩ መፈለግ ጀመርኩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከእኔው ሙያ ሆኖ አገኘሁት። በርሚንግሃም የሺህ ሙያዎች ከተማ ትባላለች፤ አራቱም የባንዱ መሥራቾች ያደጉት አስተን በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። በ1965 የ17 ዓመቱ ቶኒ አዮሚ፣ የኋላው የባንዱ ጊታር ተጫዋች፣ የላሜራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከአንድ ባንድ ጋር ወደ ጀርመን ሊሄድ ስለሆነ ያ ዕለት የሥራው መጨረሻ ነበር። ምሳ ሰዓት ቤቱ ገብቶ ከሰዓት አልመለስም ቢል እናቱ ቀኑን ጨርስ ብለው መለሱት። የወትሮ ሥራው ብየዳ ሲሆን፣ የዚያን ዕለት በቀረ ሰው ቦታ የማያውቀው ማሽን ላይ አቆሙት። ማሽኑ ቀኝ እጁ ላይ ወርዶ የመሐልና የቀለበት ጣቶቹን ጫፍ ወሰደ። አዮሚ ግራኝ ነው፤ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበር።

ተስፋ ቆርጦ ቤት ሲቀመጥ የፋብሪካው አለቃ አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ። ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት ነው፤ ሁለት ጣቶቹን እሳት ጎድቶበት ጊታሩን ያልተወ ሰው። አዮሚም ተነሣ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ የነበረበትን የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ አድበለበለ፤ በጋለ ብረት የጣት ማስገቢያ አወጣለት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ጫፉን አለበሰው። ያን በጣቱ አጥልቆ ተጫወተ። ወፍራም ክር ስለሚያሳምመው ቀጭን ክር ገጠመ፤ ቆይቶም ክሮቹን ከተለመደው ቅኝት በታች አላላቸው። የላላ ክር ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳል። በ1971 በወጣው ሦስተኛው አልበማቸው ላይ ያ ክብደት ገንኖ ይሰማል። ብዙ ሰው ሄቪ ሜታል ብሎ የሚያውቀው ድምፅ እንግዲህ ከተጣለ ጠርሙስና ከአሮጌ ቆዳ ጋር ዝምድና አለው።

ዘፈኖቻቸውም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላቸውም። የመጀመሪያ አልበማቸውን በጥቅምት 1969 ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ቀድተው ጨረሱ። ሁለተኛው በ1970 ሲቀዳ ደግሞ ዘፈን አነሰ፤ ፕሮዲዩሰሩ ሸክላውን የሚሞላ አንድ አጭር ነገር ጠየቀ። አዮሚ እዚያው ዜማውን ፈጠረ፣ ጊዘር በትለር ግጥሙን ጻፈ፣ ኦዚ ኦስቦርን ዘፈነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «ፓራኖይድ» ይሉታል። የመሙያ ዘፈኑ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ፤ «ዋር ፒግስ» ሊባል የነበረውም አልበም በእሱ ስም ወጣ።

ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ «13» የተባለው አልበም ወጣ። ፕሮዲዩሰሩ ሪክ ሩቢን ሲሆን፣ ከአራቱ መሥራቾች ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ አልነበረበትም። አዮሚ ገና በሥራው መጀመሪያ፣ በ2012፣ የሊምፎማ ካንሰር እንደያዘው ተነግሮት ነበር፤ እየታከመ ሠራ። አልበሙ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእንግሊዝም ከ1970 ወዲህ አንደኛ አደረጋቸው። በመደበኛው እትም የገቡት ግን ስምንት ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ጥቂቶቹ በሌሎች እትሞች ወጡ፤ አራቱ ግን መጋዘን ቀሩ። ጥር 2016 ኦማሃ ከተማ ላይ የስንብት ጉዞው ሲጀመር ነው እነዚያ አራቱ በሲዲ ተዘጋጅተው ኮንሰርቱ በር ላይ ለገባው ሰው የተሸጡት።

ትራፊ ለገበያ አወጡ ብሎ የሚቆጣ ሰው አለ። እኔ አልስማማም። አራቱን ከ«13» ጋር አጠገብ ለአጠገብ ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። የተበላሸ ሥራ አይደሉም። ጊታሩ ያው ከባድ ነው፣ ኦዚም ያው ነው፤ ለዚያ አልበም ቅርጽ ሳይስማሙ የቀሩ ናቸው። ከአንድ ላሜራ ሁለት ዕቃ ስትቆርጥ ዳር የቀረው ብረት ከመሐሉ አያንስም።

ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ባለቤቶቹ በቁማቸው መስጠታቸው ነው። ጋሼ ሲያርፉ ያን ከግድግዳው ሥር በየውፍረቱ የደረደሩትን ሁሉ ወራሾቹ ደባልቀው በኪሎ ሸጡት። የትኛው ለምን እንደተቀመጠ የሚናገር ሰው አልነበረም። እኔም ጠይቄ አልተማርኩትም፤ ዛሬም ይቆጨኛል። የእነዚህን አራት ዘፈኖች ዕጣ ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ወሰኑ።

ጉዞው በ81ኛው ትርኢት፣ የካቲት 4 ቀን 2017፣ እዚሁ በርሚንግሃም አበቃ። በሐምሌ 2025 ቢል ዋርድም ተጨምሮ አራቱ መሥራቾች በአስተኑ ቪላ ፓርክ ስታዲየም እንደገና አንድ መድረክ ላይ ቆሙ፤ ከ17 ቀን በኋላ ኦዚ አረፈ። በባንዱ ስም የተሰየመውን ድልድይ ሕዝቡ አበባ በአበባ አደረገው፤ እኔም ከሥራ ስወጣ አንድ እቅፍ ይዤ ሄድኩ። በሁለቱም ስንብት መዝጊያ አድርገው የተጫወቱት «ፓራኖይድ»ን ነው፤ በ1970 ሸክላው እንዲሞላ ብለው የጨመሩትን ዘፈን።