ኩኩሪን የቀጠቀጠው እጅ

ከኔፓሎች ጋር የምትሠሩ ኩኩሪ የሚባለውን ቆልማማ ቢላዋቸውን ሳታውቁት አትቀሩም። ቢላዋ ከሚሰበስብ ወዳጃችሁ የመጀመሪያችሁን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ታሪኩን ስሙ።

ኩኩሪ ገበሬው እንጨት የሚፈልጥበት፣ ለዳሻይን በዓል ፍየል የሚያርድበት የቤት ዕቃ ነው። ዓለም ያወቀው ግን በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1814 እስከ 1816 እንግሊዞች ከኔፓል ጋር ተዋጉ። ጀግንነታቸውን ሲያዩ ከ1815 ጀምሮ ጉርካ እያሉ በወታደርነት ቀጠሯቸው። እነሱም እንደኛው ለደሞዝ ከአገር የወጡ ናቸው።

ወታደሩ ሲወደስ ቀጥቃጩ ካሚ ተረሳ። ዝቅተኛ ዘር ነው ተብሎ ከእጁ ውሃ እንኳ አይቀበሉትም ነበር። በ1963 ሕጉ ቢለወጥም ንቀቱ አብሮ አልጠፋም። እኛስ ማረሻ የሚሠራልንን ሰው "ቡዳ" ስንል አልኖርንም? ካሚ ግን ዛሬም የአሮጌ መኪና ባሌስትራ አግሎ ኩኩሪ ያወጣል።

ስትገዙ ሰገባውን እዩ። ሁለት ትንንሽ ቢላዋዎች አብረው ይኖራሉ፤ ካርዳ ለመቁረጫ፣ ቻክማክ ለመሳያ። የምትሠሩበት አገር ሕግ መፍቀዱን አስቀድማችሁ አጣሩ። አገር ቤት ስትወስዱት ሻንጣ ውስጥ አስገብታችሁ አስጭኑት እንጂ በእጃችሁ ይዛችሁ አውሮፕላን አትግቡ። ሻጩን ደግሞ ከዋጋው በፊት "ማን ቀጠቀጠው?" በሉት።