ከአቡጀዲ እስከ ሰልባጅ፦ ልብስን የሚገድበው ሕግና የእኛ ገበያ

በፑኝዶ ገበያ ልብስ ለመግዛት የወጣች እናት ሦስት ዓይነት ዕቃ ይገጥማታል፤ አዲስ የቻይና ልብስ፣ ከቦንዳ የወጣ ሰልባጅ፣ አንዳንዴም ለስደተኞች እርዳታ መጥቶ ወደ ገበያ የወጣ ልብስ። በአገር ውስጥ የተሰፋ ከፈለገች ግን ጠይቃ፣ ዞራ ነው የምታገኘው። ለንግድ የሚገባ ያገለገለ ልብስ በአገራችን ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሻጯም ታውቃለች፣ ገዢዋም ታውቃለች፣ የኬላ ፈታሹም ያውቃል። ክልከላው ከየት መጣ፣ ለማንስ ተብሎ ነው የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። ታሪኩ ደግሞ ከእኛው ወንዝ ይጀምራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በግንቦት 1894 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማያልፍ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። የዛሬዋ ጋምቤላ ከተማ ያደገችው ከዚህ ጣቢያ ነው። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚህ ይደርሱ ነበር። ሲመለሱ የሚጭኑት የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ነው፤ ሲመጡ ደግሞ ጨውና ጨርቅ። ጨርቁ በአብዛኛው አቡጀዲ ነበር። መጀመሪያ የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያውን ያዘ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ መጥቶ አሜሪካኑን አባረረው። ርካሽ የውጭ ጨርቅ ሌላውን ገፍቶ ሲገባ ለማየት የቻይናን ዘመን መጠበቅ አላስፈለገንም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። በአኝዋ ዘንድ ለጥሎሽ የሚሰጠው ዲሙይ፣ ያ ሰማያዊ ዶቃ፣ ዋጋው የተጠበቀው አዲስ ስለማይገባ ነው። በእጅ ያለው ብቻ ነው ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው። አያቶቻችን ዕቃ እንደልብ ሲገባ ዋጋው እንደሚረክስ ለማወቅ የኢኮኖሚ ትምህርት ቤት አልገቡም።

ታዲያ መንግሥት ያን ጊዜ በሚገባው ጨርቅ ላይ ቀረጥ ጨምሮ የሸማኔውን ገበያ ለምን አልጠበቀም? አልቻለም ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በተለምዶ የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አስሮ ነበር። ሌሎቹም መንግሥታት በዚሁ ውል ተጠቀሙ። በ1923 ዓ.ም የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ቀረጡን በስሙ ከመጨመር ይልቅ የፍጆታ ግብር ብሎ በሌላ ስም ሲያውጅ፣ በአዲስ አበባ የነበሩት የውጭ ሌጋሲዮኖች ውላችን ተጣሰ ብለው ተቃወሙ። ብልሃቱን አደንቃለሁ። የፈለገውን ቀረጥ መጣል የማይችል መንግሥት ግን ፋብሪካ ቢያቋቁምም ሊጠብቀው አይችልም።

የፋብሪካው ዘመን የመጣው ኋላ ነው። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተጀመረ። በ1950 ዓ.ም ገደማ ከህንዱ ቢርላ ኩባንያ ጋር በሽርክና አቃቂ ላይ ሌላ ተቋቋመ። በ1953 ዓ.ም የተከፈተው የባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ደግሞ ጣሊያን በጦርነት ካሣ ከከፈለችው ገንዘብ የተሠራ ነው። ከ1950 ዓ.ም ጀምሮ በወጡት የአምስት ዓመት ዕቅዶች የተያዘው ሐሳብ ከውጭ የሚገባውን እዚሁ በተሠራ መተካት ነበር፤ የውጭው ዕቃም በቀረጥ እንዲከብድ ተደረገ። በጥር 1967 ዓ.ም ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። ከዚያ በኋላ አጥሩ ቀረጥ ብቻ አልነበረም፤ ዶላሩም ፈቃዱም በመንግሥት እጅ ገባ። ሰው የሚለብሰው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ያወጣለትን ነበር። የጥጡ ምኞት እስከ እኛ ጎረቤት እስከ አቦቦ ድረስ ደርሶ በመንግሥት እርሻ ጥጥ ተዘርቷል። የጋምቤላ ጥጥ በጋምቤላ ተፈትሎ፣ እዚሁ ተሸምኖ ለጎግ ሴት ሲደርሳት ግን አላየንም። ጥጡ ተጭኖ ወጣ፣ ጨርቁ በሌላ መንገድ ተመለሰ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1985 ዓ.ም የብር ዋጋ ከ2.07 ወደ 5 ብር ለአንድ ዶላር ወረደ። እስከ 230 በመቶ ደርሶ የነበረው ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ በየደረጃው ተቀንሶ በ1995 ዓ.ም 35 በመቶ ሆነ። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ዛሬም በዚህ በከፍተኛው እርከን ላይ ነው። 35 በመቶ ብቻውን ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ እስቲ በብር እንቁጠረው። ወደብ ሲደርስ 100 ብር የሚያወጣ ቀሚስ ቀረጡ ሲታከል 135 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ 155 ብር ከ25 ሳንቲም። በዚህ ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር 171 ብር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም ይቀረዋል። ኤክሳይዝ ካለ እሱን አልቆጠርኩም፤ የነጋዴውን ትርፍና የጭነቱንም አልቆጠርኩም። ከጋምቤላ ከተማ ፑኝዶ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህ ሁሉ ሸክም ያለበት አዲስ ልብስና ምንም ቀረጥ ያልከፈለ ሰልባጅ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ፣ የልጇ ልብስ ያለቀባት እናት የትኛውን እንደምታነሣ ግልጽ ነው። ክልከላው ሰልባጁን አላጠፋውም፤ በጨለማ እንዲገባ አደረገው እንጂ። በጨለማ የሚገባ ዕቃ ደግሞ ኪሳራው የሚወድቀው በመጨረሻዋ ሻጭ ላይ ነው። ቦንዳው ታስሮ ነው የሚሸጠው፤ ሳይፈታ ውስጡ አይታይም። አንዲት አባላችን በዕቁብ ብር የገዛችው ቦንዳ ሲፈታ እኩሌታው ለአውሮፓ ክረምት የሚሆን ወፍራም ካፖርት ሆኖ አግኝታዋለች። በጎግ ሙቀት! ሌላዋ ደግሞ ዕቃዋ መንገድ ላይ ተይዞባት ዕዳው ብቻ ቀረላት። አስመጪው ትልቁ ነጋዴ ግን ብሩን ቀድሞ ተቀብሎ ሄዷል።

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስፌት የሚሠሩት እህቶች "ሰልባጁን አጥብቀው ቢዘጉልን እንጀራ እንበላ ነበር" ሲሉ፣ ልብስ የሚሸጡት "ቢዘጋ ልጆቻችንን ምን እናበላለን?" ማለታቸው ለዚህ ነው። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። እኔ የማምነው ግን ክልከላው ቢጠብቅም ለሰፊዎቻችን የሚጠበቀውን ያህል አይፈይድም ነው። ከቢርላ ጀምሮ እስከ ዛሬ ጥበቃው የታሰበው ለፋብሪካ ነው። በአንድ የስፌት መኪና የምትሠራ ሴት ጨርቁንም፣ ክሩንም፣ ዚፑንም የምትገዛው ከዚያው ቀረጥ ካለበት ገበያ ነው። ሸማኔውም ቢሆን በማሽን ታትሞ ከቻይና የሚመጣው የሐበሻ ቀሚስ ገበያውን ሲሻማበት ሰልባጅ ተከለከለ አልተከለከለ ብዙ ለውጥ አላመጣለትም።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎችስ? በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው በዋናነት ለውጭ ገበያ ነው። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የምታስገባበትን አጎአ የተባለ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ስትዘጋው ብዙዎቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች የሆኑበት ይህ ፓርክ ተናጋ፤ ፒ ቪ ኤች የተባለው ትልቁ ኩባንያ ከመዘጋቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጥሎ ወጥቶ ነበር። የሩዋንዳም ነገር ይታወስ። በ2008 ዓ.ም በአንድ ኪሎ ያገለገለ ልብስ ላይ የነበረውን ቀረጥ ከ20 ሳንቲም ዶላር ወደ 2 ዶላር ከ50 አሳደገችው። የአሜሪካ ልባሽ ላኪዎች አቤት አሉ፤ በ2010 ዓ.ም ሐምሌ ላይ አሜሪካ የሩዋንዳን ልብስ ከአጎአ ዕድል አገደች። ኬንያ ግን ቀድማ ከውሳኔው አፈግፍጋ ነበር። ሩዋንዳ በአቋሟ ጸናች፤ ዋጋውንም ከፈለች። መቶ ዓመት አልፎም የትንሽ አገርን ቀረጥ ትልልቆቹ ተቀምጠው አይመለከቱም፤ የ1923ቱ ሌጋሲዮኖች ስማቸው ነው የተለወጠው።

ለሰፊ ሴት ከክልከላ የበለጠ የሚጠቅማት የታወቀ ገዢ ነው ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ማደል ስትጀምር፣ በየዓመቱ መጠኑ የታወቀ የስፌት ሥራ ተፈጠረ ማለት ነው። ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰልባጅ አይወዳደርም፤ ከቦንዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሃምሳ ሸሚዝ ማንም አያወጣም። በወረዳችን ያሉ ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርማቸውን ከየት እንደሚያሰፉ፣ በስንት ብር እንደሆነና መቼ እንደሚያዙ አጣርተው እንዲያቀርቡ ሁለት አባላት ቢመረጡ፣ ለስፌት መኪናው ይውላል የተባለው ብር ላይ በቁጥር መነጋገር እንችላለን። አጋሮቻችንም በዚህ በኩል ቢያግዙን፣ ከመኪናው በፊት የሚያስፈልገን ጨርቅ በጅምላ የምንገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። መኪናውማ ሦስቱ አሁንም አሉን፤ ሁለቱ ጨርቅ አጥተው ነው የቆሙት።