የገበሬ ልብስ በቤተ መንግሥት ግድግዳ

እ.ኤ.አ. በ1707 በቬሮና የተወለደው ኢጣሊያዊው የመልክ ሠዓሊ ፒየትሮ ሮታሪ በቪየናና በድሬስደን ቤተ መንግሥቶች ከሠራ በኋላ፣ በ1756 በንግሥት ኤልሳቤጥ ጥሪ ወደ ሩሲያ ተሻገረ። በ1762 እስኪሞትም ድረስ በሴንት ፒተርስበርግ የመኳንንቱን መልክ ሲሥል ኖረ።

ከሞተ በኋላ ዳግማዊት ካትሪን የገዛቻቸው 368 ሥዕሎቹ የፒተርሆፍን ቤተ መንግሥት አዳራሽ ሞልተውታል። የገበሬ ልብስ የለበሱ ወጣት ሴቶች በዚያ ፈገግ ይላሉ፤ ያንቀላፋሉ፤ ይተክዛሉ። የፀሐይና የአጨዳ ድካም ግን በፊታቸው አይነበብም። ወደ አዳራሹ የገባው የገበሬዋ ቀሚስ ነው፤ ኑሮዋ ከደጅ ቀርቷል።

በ1784 ኢቫን አርጉኖቭ ስሟ ያልታወቀች አንዲት ሴት በዚያው ባላገር ልብስ ሣለ። እርሱ ራሱ የሼረሜቴቭ መኳንንት ንብረት ሆኖ የሚቆጠር ገባር ነበር። በሸራው ላይ ልብሱ ያምራል፤ ከልብሱ በላይ ግን የሴቲቱ እርጋታና ክብር ጎልቶ ይታያል።

የሮታሪ እጅ የሠለጠነ ነበር፤ ገበሬዋን ያየው ግን በደጋፊዎቹ ዓይን ነው። ስለዚህ ሠዓሊ ማንን እንደሣለ ሲመረመር፣ በማን ዓይን እንደሣለም አብሮ ይጠየቃል።