ከባሕር የራቀችው ከተማ የፈረደችለት ፊልም

ዊቺታ ካንሳስ ውስጥ፣ በአሜሪካ ሰፊ ሜዳ መሃል ያለች ከተማ ናት። ባሕር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃታል። ብሩስ ብራውን የማዕበል ግልቢያ ፊልሙን ጭኖ ወደዚያ የሄደው፣ ያውም ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ አብዶ አልነበረም። አከፋፋዮች «ከባሕር ዳር ሰው በቀር የሚያየው የለም» በሚል ስሜት መልሰውት ስለነበር ሊያሳያቸው ፈልጎ ነው።

ሲኒማ ቤት ተከራየ። አዳራሹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጢም አለ። አከፋፋዮቹ ግን አሁንም አልተዋጠላቸውም! ስለዚህ ኒውዮርክ ሄዶ ሌላ አዳራሽ ተከራየ፤ ፊልሙ እዚያ አንድ ዓመት ገደማ ታየ።

«ዘ ኤንድለስ ሰመር» (የማያልቅ በጋ እንደማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ1966 ለሰፊው ሕዝብ ሲደርስ ከ300 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወታደሮች ቬትናም ነበሩ። ፊልሙ ውስጥ ግን ጦርነት የለም፤ ባለጋራም የለም። ማይክ ሃይንሰንና ሮበርት ኦገስት የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በጋን እየተከተሉ ከሴኔጋል እስከ ታሂቲ ይዞራሉ፣ በቃ። ብራውን በ50 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቀርጾ፣ ትረካውንም ራሱ እየቀለደ አወራው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ሴንት ፍራንሲስ ላይ የአሸዋውን ክምር ተሻግረው ያንን ልስልስ ማዕበል ሲያገኙ፣ ዋና የማይችል ሰው እንኳ ልቡ ይሸፍታል።

ግን ያ የባሕር ዳር ለማን ነበር? ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣችው ሕግ የሕዝብ መገልገያዎች በዘር ተከፋፍለዋል፤ የባሕር ዳርቻዎችም አልቀሩም። ካሜራው እዚያ በነበረበት ሰሞን ኔልሰን ማንዴላ በሪቮኒያ ክስ ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር። ብራውን ነገሩን አላጣውም፤ ስለ ሻርክና ዶልፊን አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ አልፎታል። ቀልዱ ዛሬ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጋናም ላይ የመንደሩን ሰው ሰርፊንግን ገና እንደሚያይ አድርጎ ነው ያቀረበው። የወርቅ ጠረፍ ልጆች በእንጨት ጣውላ ማዕበል ላይ ሲጫወቱ አውሮፓውያን ተጓዦች የጻፉት ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ይህ ሁሉ እያለም ፊልሙ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ብራውን በ2017 አረፈ። ያቺ ማዕበል በስሙ ትጠራለች፤ ዝናዋ ሰው ጠራ፣ ሰው ደግሞ በአሸዋው ክምር ላይ ቤት ሠራ። አሸዋው እንደ ድሮው ወደ ባሕሩ አይነፍስም። ማዕበሏም ፊልሙ ላይ በታየችው መልክ የምትመጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።