ቴሌቪዥን ከአጋሮ ሲታይ፦ የአየር ሰዓት መብዛትና የዝግጅት መሳሳት

በኅዳር፣ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ በጅማ ዞን በአጋሮ ከተማ ሻይ ቤቶች ማታ ማታ ወንበር ማግኘት ይቸግራል። ለቃሚው፣ አቅራቢው፣ የአይሱዙው ሾፌር፣ ከመፈልፈያ የተመለሰው ሠራተኛ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ትይዩ ይቀመጣሉ። በስክሪኑ አራት ሰዎች ሶፋ ላይ ሆነው ያወራሉ፤ ወሬው በማስታወቂያ ይቋረጣል፣ ይቀጥላል፣ ደግሞ ይቋረጣል። ጣቢያ ቢቀየርም ሶፋው አይቀየርም። ጥቂት ቆይቶ ተመልካቹ ወደ ራሱ ጨዋታ ይመለሳል፦ ቀይ እሸት ዛሬ ኪሎው ስንት ገባ? የደረቀውን ጀንፈል ማቆየት ይሻላል ወይስ መሸጥ? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ፊት ማዞር ነው። የዝግጅት ጥራት መውረድ ሲነሳ «ሕዝቡ ቀላል ነገር ይወዳል» የሚል ምክንያት ይቀርባል። እዚህ ግን ቀላሉ ነገር ቀርቦለት ሕዝቡ አላየውም።

ያለፈውን ዘመን ማሞገስ አልሻም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በየዘመኑ የመንግሥት አንደበት ሆኖ ኖሯል፤ ተመልካቹም ለረጅም ጊዜ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሆኖም ለአየር የሚበቃው ጥቂት ሰዓት ስለነበር ለዚያ ጥቂት ሰዓት ዝግጅት ይደረግ ነበር። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ የያዙት ወንበርና የካበተ የመድረክ ልምዳቸውን ብቻ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከመኖሪያ ቤት ተነሥቶ፣ በአንዲት ቀጭኔ አሻንጉሊት፣ ለዓለም አቀፍ ሽልማት በቅቷል። ስለዚህ የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ለአንዱ ደቂቃ የሚሰጠው የመሰናዶ ጊዜ ነው የተመናመነው።

ለምን ተመናመነ? አንድ ጣቢያ ሌት ተቀን ሲሠራ በሳምንት 168 ሰዓት መሙላት አለበት። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም.፣ ቃና በ2008 ዓ.ም. ተቋቋሙ፤ ሌሎችም ተከታተሉ። የአየር ሰዓቱ እጥፍ ድርብ ሲሆን የማስታወቂያው ገቢ በዚያው ልክ አላደገም፤ ተከፋፈለ እንጂ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከብሮድካስት አስወጣ። አዋጁ ለጤና የወጣ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ከድራማና ከመዝናኛ ዝግጅቶች ዋነኛ ስፖንሰሮች መካከል የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ እነሱ ሲወጡ ክፍተቱን የሚሞላ የፕሮዳክሽን ድጋፍ አልተዘረጋም። እንደ «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ያለ ተከታታይ ድራማ ደራሲ፣ ተዋናይ፣ የቀረጻ ቦታ፣ መብራትና ኤዲቲንግ ይፈልጋል። የስቱዲዮ ጭውውት ሶፋና ሁለት ካሜራ ይበቃዋል።

ቃና ሌላ መንገድ መረጠ፤ ያለቀለትን የቱርክ ድራማ ገዝቶ በአማርኛ ማቅረብ። የአገር ቤት አርቲስቶች በጊዜው ያሰሙት ተቃውሞ ስጋት የወለደው ነበር፤ ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። ይሁንና የትርጉም ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑ መካድ የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ውጤቱ ነው፦ የጅማ ልጅ የጅሬንን ኮረብታና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በድራማ ሳያይ የኢስታንቡልን ሰፈሮች ለይቶ አወቀ።

ጅማ የሚቀረጽ ታሪክ አጥታ አይደለም። ከ1960 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በመልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ለአንድ ሙሉ ተከታታይ ድራማ የሚበቃ ታሪክ አለው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬን የሚያጠቁር በሽታ በአገሪቱ ታየ፤ ያልበሰለ ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ደረቀ። ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች እየዞሩ የጎረቤቱ ፍሬ ሲጠቁር የራሱ ያልጠቆረበትን ዛፍ ፈለጉ። ከዚያ ፍለጋ የተገኙት 74110 እና 74112 ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራሉ፤ 74 የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.፣ ነው። ችግኝ የሚገዛ ገበሬ ቁጥሩን እንደ ሰው ስም ይጠራዋል። ፍርሃት፣ ፍለጋና ድል ያለበት እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ድርሰቱ ግማሹ ተጽፎ ያለቀ ያህል ነው።

የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ (ኦቢኤን) በአፋን ኦሮሞ ስለሚያሰራጭ ለዚህ ገበሬ በቋንቋ ይቀርበዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቋንቋ ቅርበት ግን ካሜራውን በራሱ ወደ ጎማ ወረዳ የቡና ማሳ አያደርሰውም።

የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሰብሳቢ ኒውተን ሚኖ በ1961 እ.ኤ.አ. የጣቢያ ባለቤቶችን የራሳቸውን ጣቢያ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ተቀምጠው እንዲያዩ ጠይቋቸው ነበር፤ የሚያዩት ሰፊ ምድረ በዳ እንደሚሆንም ነገራቸው። ለእኛ ጣቢያዎች መለኪያው ሌላ ቢሆን እመርጣለሁ፦ ከሳምንቱ 168 ሰዓት ከስቱዲዮ ውጭ የተቀረጸው ስንት ነው? ከዚያስ ከአዲስ አበባ ውጭ ስንቱ? ቁጥሩን ጣቢያው ራሱ በየዓመቱ ያሳውቅ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለ፤ አካባቢውን የሚያውቅ ወጣት ባለሙያ አይታጣም። አንድ ጣቢያ አንድ ቡድን ከመስከረም እስከ ጥር አጋሮ ቢያስቀምጥ፣ ከመጀመሪያው ቀይ ፍሬ እስከ መጨረሻው የጀንፈል ጆንያ ያለውን ይዞ ይመለሳል።